«ቆንጆ ነው» ያለው በያጅ

ፀጉር አስተካካዩ በግቢው ሞተር ብስክሌት እየሠራ ነው ተብሎ ሲወራ ከሁሉም በላይ የሳቀው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነበር። ይህ ሰው በብየዳ ሥራ ጥርሱን የነቀለ ነው። «መቀስ የለመደ እጅ ብረት ሊቆርጥ!» እያለ በየሱቁ ደጃፍ ያላግጣል። እህቱ ፀጉር አስተካካይ ካገባች ጀምሮ አማቹን ንቆታል። ፊት ለፊት ግን ማር ነው። ፊት እያሞገሱ ከጀርባ መሳቅን ይሉኝታ ብሎ ይጠራዋል።

አማቹ ግን ታታሪ ሰው ነው። ሞተሩንና ጎማዎቹን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቶ የቀረውን በገዛ እጁ ይሠራው ጀመር። ጭቃ የሚከላከለውን ፓራፋንጎ ከበርሜል ቆርጦ ቀጠቀጠው። መቀመጫውን በፀጉር ቤቱ አሮጌ ወንበር ቆዳ አለበሰው። ሚስቱ አጭር ስለሆነች እግሯ ከኋላ እንዳይንጠለጠል ብሎ፣ በልኳ ሁለት የእግር ማሳረፊያ ብረቶች አዘጋጅቶ ከሻንሲው ጋር በየዳቸው። እሷ እንኳ «እኔ በዚህ ነገር አልሳፈርም!» ብላ ስቃበታለች።

ሥራው ሲያልቅ በያጁን ጠርቶ አሳየው።

«ጋሼ፣ እስቲ እዩልኝ። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ጉድለት ካለው አይደብቁኝ።»

በያጁ ጎንበስ አለ። ጉዱን ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። አማቹ የብየዳው ጉብታ አላምር ብሎት፣ እንደ ደንበኛ አገጭ ልስልስ አድርጎ ላጭቶ ቀለም ቀብቶታል። ብረቱን ከሻንሲው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ግን ያ ጉብታ ነበር። እሱ ተሞርዶ ካለቀ፣ ማሳረፊያው ትንሽ ሲረገጥ ቆይቶ ይገነጠላል። ይህን ለመናገር ሁለት ቃል ይበቃል።

«ቆንጆ ነው» አለ በያጁ።

«እውነትዎን ነው? ጎርበጥባጣውን በሞረድ አስተካከልኩት እኮ።»

«አየሁት። መስታወት አስመስለኸዋል። እጅህ ይባረክ!»

ሰውየው በደስታ የሚሆነውን አጣ። በያጁም ሳቁን አፍኖ ወጣና ለጓደኞቹ «ብየዳውን ላጨው እኮ!» እያለ አሳቃቸው። ከመሀላቸው የብረታ ብረት ሻጩ ብቻ አልሳቀም።

«ታዲያ አልነገርከውም?»

«አማች አይደል? ይሉኝታ አለ። ቅር ይለዋል።»

«ሰው ቢወድቅስ?»

«ይውደቅና ይማራ! ሁለተኛ ከመቀሱ አይርቅም።»

የኋላ ማሳረፊያ የሚረግጠው ነጂው አለመሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። በያጁ ግን እህቱ አልሳፈርም ማለቷን ሰምቶ ነበርና የቀረው አላስጨነቀው። የሌላ ሰው እህት ብትረግጠውስ? ይህን ሊጠይቅ የሚችል ልብ አልነበረውም፤ ንቀት ሞልቶታል።

እህትየው ግን የባሏ ልፋት አሳዘናትና አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ከኋላው ተሳፈረች። የምትሠራው ልብስ ስፌት ነው፤ የስፌት መኪናዋም በእግር የሚረገጥ ነው። ጉድጓድ ሲያንገጫግጫቸው በቀኝ እግሯ ማሳረፊያውን ጫን አለችው። ብረቱ ተገንጥሎ ወደቀ፤ እሷም ወደቀች። ጉልበቷ ተሰበረ። ሐኪሙ እግሯ እንደ ድሮው እንደማይታጠፍ ነገራቸው።

በያጁ ሆስፒታል ሲደርስ አማቹ ከሚስቱ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ራሱን ይረግማል።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እኮ ዝም ብዬ አላሳፈርኩሽም፤ ለጋሼ አሳይቻለሁ። እሳቸው ያላዩትን እኔ ከየት አምጥቼ ልይ?»

ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። እህትየው ወደ ወንድሟ ዞረች። መንገድ ላይ ቆሞ የሰው አጥር ብየዳ ሲተች እያየች ነው ያደገችው።

«አንተ አላየኸውም?»

አላየሁም ቢል የሚከራከረው አልነበረም። አማቹ ራሱ ይመሰክርለት ነበር። በያጁ ግን ያንን ልቡ የተሰበረ ሰው አይቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ አፈረ።

«አይቻለሁ። እንደሚገነጠልም አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እንዳይከፋው ብዬ…» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። «ውሸቴን ነው። ልስቅበት ፈልጌ ነው።»

«እሱን ንቀህ እኔን ሰበርከኝ» አለችው።

አማቹ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ መሞረዱ ነበር?»

«አዎ። መሞረዱ ብቻ።»

«ይህንን ብቻ ነበር የሚነግሩኝ?»



ወገኖች፣ እንዲህ ያለው «ጨዋ» በየሰፈሩ ሞልቷል። የጎረቤቱ ግድግዳ ሲዘም፣ የወዳጁ ልጅ ሲበላሽ፣ የባልደረባው ሥራ ሲጣመም አይቶ እጅህ ይባረክ ይላል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ይስቃል። ይህ ይሉኝታ አይደለም፤ ንፉግነት ነው። እውነቱን የነገረን ሰው ቢያስቀይመን እንኳ ሰው ብሎ ቆጥሮናል።

በያጁ ዛሬ ጉድለት ሲያይ አይደብቅም፤ ይናገራል። አንዳንዱ ያመሰግነዋል፤ አንዳንዱ «ማን ጠየቀህ?» ብሎ ይሰድበዋል። እህቱ ግን እስከ ዛሬ የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው በአንድ እግሯ ነው።