ተንሥኡ ሲባል የምትወድቀው

ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ!» ሲል የትናየት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ዓይኗ ጨለመ፣ ልቧ ድው ድው አለ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም። ስትነቃ ደጅ አጋድመዋታል፤ አንዲት ባልቴት ያማትባሉ።

«ተነሡ ሲባል ጠብቆ የሚጥላት ምን ይሆን? ጸሎት የማይወድ ነዋ!»

ቤት ውስጥም ከአልጋ ስትነሳ ያዞራታል፤ ያንን ግን ማን አይቶ ያውራ?

ምክንያቱን የሚያውቁት እናቷና ጓደኛዋ ምሥራቅ ብቻ ናቸው። ወልድያ ያያት ሐኪም «አንጀትሽ ቆስሎ ይደማል» ብሏታል። «ስንነሳ ደም ወደ እግር እንዳይወርድ፣ ሳናዘው የደም ሥሩን የሚያጠብቅ ነርቭ አለን። አንጀት ሲታመም እሱም አንዳንዴ ይዛባል፤ ደም ማነሱ ደግሞ ያባብሰዋል። ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ውሃ ጠጪ፣ ክኒኑን እንዳታቋርጪ።»

እናቷ ግን ለአባቷ «ጨጓራ ነው» አለች። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ የትናየት ደግሞ ለሚሊኒየሙ በዓል የሚቀርበውን መዝሙር የምትመራው እሷ ናት።

«ሰይጣን ነው ካሉ ይበሉ ባክሽ!» አለቻት ምሥራቅ ወደ ቤት ሲወርዱ። «ያዝኑልሻል። አንጀት፣ ደም ምናምን ካልሽ ግን ሙድ ነው የሚይዙብሽ። መዝሙሩም ቀረ።»

እውነቷን ነው፤ የትናየትን ያናደዳትም ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ የመውደቋ ወሬ የደረሳቸው አባቷ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ጠሯት።

«ነገ አሸተን ማርያም ገዳም እንወጣለን። ሱባዔ ይዘሽ ትጠመቂያለሽ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የለም፤ ክኒኑም ይቅር።»

የትናየት ፈራች። ባለፈው ክኒኑን ስታቋርጥ ሽንት ቤት የምትደርሰው ግድግዳ ተደግፋ ነበር። እናቷ ከጓዳው በር ላይ ሆና ዝም በይ በሚል ዓይን ታያታለች።

«አባ» አለች፣ «መንፈስ አይደለም። ደም ያስቀምጠኛል፤ ከፋሲካ ወዲህ።»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት።

«እንዲያ እየሆንሽ… ትገቢ ነበር?»

«እገባ ነበር።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቁጣ ይሁን ሐዘን አልለየላትም። ውሃ ቀድታ ክኒኗን እዚያው ፊታቸው ዋጠች። ከዚያም ማንም ሳያዛት፣ ከሚስማሩ ላይ የመዝሙር ልብሷን አውርዳ ቀስ ብላ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።