የቀትር ለቀማ

ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ ሞተው ተገኙ። ከእግራቸው ሥር በወደቀው ብርጭቆ ቂጥ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ተጣብቋል። መርማሪዋ ዱቄቱን በጣቷ ነካ አድርጋ በመስኮቱ ተመለከተች። አጥሩን የወረረው ሐረግ ክፍሉን በቀን አጨልሞታል።

ሐረጉ የአደንጓሬ ዘመድ ነው፤ የቤቱ ሰዎች «አሳካኪ» ይሉታል። ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ፍሬው ተቆልቶ ተፈጭቶ ለሽማግሌው የእጅ መንቀጥቀጥ ይሰጣል። ልክ ካለፈ ግን ደካማ ልብ አይችለውም። የምትለካላቸው ወጥ ቤቷ ነበረች፤ ሃያ ዓመት አገልግላ አሁን ካቴና ገብቶላታል።

«በቀን አንድ ማንኪያ ነው፤ ብዋሽ ልጆቼን ይንሳኝ» አለች።

«ቤቱን ሊያወርሱሽ ነበር፤ ይህንን ለምን አትናገሪም እትዬ?» አለ የሟች የወንድም ልጅ። በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። «እኔ ከመጣሁ ሁለት ቀኔ ነው፤ አጥሩ ጋ ደርሼ አላውቅም።»

መርማሪዋ ጓዳ ገብታ የዱቄቱን ማሰሮ ከፈተች። ከዚያ አትክልተኛውን አጥሩ ሥር አገኘችው።

«ጋሼ፣ ይህን መቼ ነው የሚለቅሙት?»

«ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይደርቅ። ፀሐይ ከመታው የፍሬው ፀጉር ይበናል፤ የነካው ሰው ቆዳውን ገፎ ቢጥል ይወዳል። ትናንት ቀትር ላይ ግን አንዱ ገነጣጥሎታል፤ ጠዋት ደህና ነበር።»

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«የማሰሮው ዱቄት የተቆላ ነው፣ ቡናማ ነው። የብርጭቆው ነጣ ያለ ነው፣ ጥሬ ነው። ወጥ ቤቷ ለመግደል ብትፈልግ ማንኪያ መጨመር ይበቃት ነበር፤ ጥሬ ምን ያስፈጫታል? የፈጨው መቆላቱን የማያውቅ፣ ጤዛ መጠበቁንም የማያውቅ ሰው ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።» ወደ ወንድም ልጁ ዞረች። «ኮትህን አውልቅ።»

አላወለቀም። አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ኮቱን ሲያወልቅለት አንገቱና ክንዱ እስኪደማ ተቧጥጦ ታየ።

«የአያቴ ቤት ነው» አለ። «አጎቴ ለወጥ ቤት ሊሰጡት?»

ካቴናው የተፈታላት ወጥ ቤት ወደ እሱ ዞረች።

«ትናንት እምቢ ብያቸው ነበር። ለወንድምዎ ልጅ ይስጡት ብዬ ስለምናቸው እሺ አሉኝ። ዛሬ እዚህ ቁጭ ብለው የጠበቁህ እሱን ሊነግሩህ ነበር።»