ግማሽ ኪኒን

ሟቿ በመጽሐፍ መጠረዣው ጠረጴዛ ላይ ክንዷን ተንተርሳለች። ላየ ሰው ሥራ አድክሟት ያሸለበች ነው የምትመስለው። ከአጠገቧ ያልተጋመሰ ሾርባ አለ። መንታ ወንድሟ ሳህኑን እያመለከተ ይጮሃል።

«ሚስቴ ናት የገደለቻት! ሾርባውን የሠራችው እሷ ናት! እህቴ ሰሞኑን ስታስመልስ ነው የከረመችው!»

ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አንድ ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ወደ እሷ ተራመደ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ ከበሩ። «ካቴናው እግር አውጥቶ አይሄድም።»

ባልደረቦቿ «ቆይ ቆይ» የሚል ስም ያወጡላት በዚሁ ጠባይዋ ነው። ደግ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ፤ ችኩል ሰው አይሆንላትም።

መጀመሪያ ሚስትየዋን ጠየቀቻት። «ከሟቿ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ! ሁለቱ አብረው ተወለዱ፣ አብረው ይጠርዛሉ፤ እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ። ግን እትዬ ሌላ ምግብ አልረጋላቸው ብሎ ነው ሾርባ የሠራሁላቸው። ከዚያው ድስት እኔም በልቻለሁ።»

የሟቿ ባል ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ሆዷን ሳያማት በፊት ‹ልቤ ድው ድው ይላል› ትል ነበር። ትናንት ደግሞ ደረጃው ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ‹ወንድሜ ያውቃል› አለችኝ።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎም ልብዎን ያምዎታል?»

«ያመኝ ነበር። አሁን ሐኪሙ ያዘዘልኝን ኪኒን ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ እውጣለሁ፤ ልቤ እንደ ሰዓት ነው የሚመታው።»

«ለእህትዎስ ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት አለ?»

«እሷ የሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።»

መርማሪዋ አዲስ የተቆረጡትን ወረቀቶች ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ሁሉም ላይ አንድ ቦታ ቀጭን ጭረት አለ። ከጎኑ የተቀመጠውን ቢላ አነሳች፤ ስለቱ ተሸርፏል።

«በዚህ ቢላ የሚሠራው ማነው?»

«እኔ ብቻ! እህቴም ሚስቴም ነክተውት አያውቁም።»

ከዚያ የሟቿን ሽርጥ ኪስ ፈተሸች። በወረቀት ቁራጭ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አግኝታ ያዘቻት። የወንድምየውንም የመድኃኒት ብልቃጥ ለአንድ አፍታ ተዋሰችው።

አስከሬኑ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ሁሉንም እዚያው መጠረዣ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋ በሁለት ፖሊሶች መሃል ነበረች።

«ሾርባው ንጹህ ነው» አለ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም።

«እንዴት ተደርጎ!» ወንድምየው ከወንበሩ ተነሣ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። ሁለት ግማሽ ኪኒኖች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይቺ ከእህትዎ ሽርጥ፣ ይቺ ያን ዕለት ከእርስዎ ብልቃጥ ያወጣኋት፣ ገና ያልዋጧት። ሁለቱም በእጅ አልተሰበሩም፣ በቢላ ተቆርጠዋል። በወረቀቶቹ ላይ ያለው ጭረት እነሱም ላይ አለ። ቢላውን ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚነካው የለም።»

በጣቷ ገፋ አድርጋ አገናኘቻቸው። አንድ ሙሉ ኪኒን ሆኑ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለ ወንድምየው። «እኔን ያዳነኝን ነው የሰጠኋት! ልጆች ሳለን አንዳችን ሲያመን እናታችን ለሁለታችንም በአንድ ማንኪያ ነበር የምትሰጠን። መንታ ነን እኮ!»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መንታ ናችሁ፤ ግን እርስዎ ወንድ፣ እሷ ሴት። የሴት ልብ አንዴ መትቶ ለሚቀጥለው ምት እስኪሰናዳ በተፈጥሮው ከወንድ ልብ ትንሽ ይዘገያል። ይህ ኪኒን ደግሞ ያንኑ መዘግየት ያስረዝመዋል። እርስዎን የጠቀመዎት መጠን እሷን አደጋ ላይ ጣላት። ሲያስመልሳት ደግሞ ልብን የሚያረጋጋው ማዕድን ከሰውነቷ አለቀ። ደረጃው ላይ የወደቀችው ልቧ ምቱን ስቶ ነው። ያኔ ኪኒኑን አቁማ ብትመጣ ኖሮ…»

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ስትወድቅ ጊዜ…» አለ። «‹አይዞሽ፣ ብቻ እንዳታቋርጪው› አልኳት። እንደገና ቆርጬ ሰጠኋት።»

መርማሪዋ ከሚስትየዋ ግራና ቀኝ የቆሙትን ፖሊሶች በዓይኗ ገለል እንዲሉ አደረገች። አንደኛው ካቴናውን ይዞ ወደ ወንድምየው ሲዞር ግን ክንዱን ያዘችው። ይህን ሰው በሕግ የሚጠይቀው ይጠይቀዋል፤ ለዛሬ ግን የሚያመልጥበት ቦታ የለውም።

የማታ ኪኒኑን የሚወስድበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ሰውየው እንደ ልማዱ ቢላውን አነሣ፣ ከብልቃጡ አንድ ኪኒን አውጥቶ ለሁለት ቆረጠ። አንዱን ዋጠ። ሌላውን መዳፉ ላይ አድርጎ እህቱ ትቀመጥበት ወደነበረው ወንበር ዘረጋ።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። «ገዳይ» ያላት ሚስቱ ቀስ ብላ ተጠጋችና ግማሿን ኪኒን ከመዳፉ አንሥታ ብልቃጡ ውስጥ ከተተቻት።