የወለተ ሐና ዟሪ ወይን

ልጆች፣ ብምል ብገዘት አታምኑኝም፤ ግን ይኸው ማልኩ። በጃንሆይ ዘመን ቡታጅራ ውስጥ፣ ከእሷ እግር ይልቅ ወይኗ ብዙ መንገድ የሄደችላት ልጅ ነበረች።

ስሟ ወለተ ሐና ነው። ዕድሜዋ ዘጠኝ። ቤቷ ከገበያው በላይ፣ ከእትዬ ሰፍያ ጋር አጥር ለአጥር።

አንድ እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር፣ ጎጃሜው የኔታ ያረጋል፣ ለየልጁ አንዳንድ የወይን ቁራጭ አደሉ። እርሳስ የምታክል ደረቅ እንጨት!

«ግማሿን አፈር አልብሷት፣ ውሃ አጠጧት፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ቀድሞ ቅጠል ያበቀለ ለልደታ ከበሮ ይመታል» አሉ።

ከበሮ! ወለተ ሐና ከዚያ ወዲህ ያልደበደበችው እንስራ የለም።

ወይኗን ተከለች። ጠበቀች። ምንም የለም። ግራ ገባት። ዞር ስትል እናቷ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል እንሰት እየነቀሉ ወደ ሌላ መደብ ያዛውራሉ።

«እማ፣ ለምን ትነቅይዋለሽ?»

«እንሰት አንድ ቦታ ተጎልቶ መቼ ይወፍራል? ቦታ ሲለውጥ ነው እንጂ!»

እሰይ! የኔታ የእንሰት አገር ሰው አይደሉ፣ ይህን ብልሃት ከየት ያውቁታል? ወይኗን ነቅላ በር ላይ ተከለቻት። በማግስቱ ከጓዳው ጀርባ። ከዚያ ከጥጃው አጠገብ። ያቺ ወይን ከአዲስ አበባ አውቶቡስ በላይ ተመላለሰች፤ የቀራት ተሳፋሪ መጫን ብቻ ነው! በመጨረሻ ሞተች ብላ ተናደደችና ባጥር ላይ አሻግራ ወረወረቻት።

እናንተ ብትሆኑ እውነቱን ትናገሩ ነበር፣ አይደል? እሷ ግን ከበሮው ታያት። ከእትዬ ሰፍያ ጓሮ አንድ ለምለም የቡና ቅርንጫፍ ሰብራ በወይኗ ቦታ ሰካች። ቡናው ሲጠወልግ ኮክ፣ ኮኩ ሲጠወልግ ዘይቱን።

እናቷ አማተቡ። «ምን ጉድ ነው! ትናንት ቡና፣ ዛሬ ኮክ?»

የኔታ የበቀለውን ሊያዩ ልጆቹን አስከትለው መጡ። ቅጠሉን አገላብጠው አዩ፣ አሸተቱ፣ ራሳቸውንም ተጠራጠሩ። «እኔ የሰጠሁሽ ወይን አልነበረም እንዴ? በልደታ ፊት እውነቱን ንገሪኝ፤ ይህች ያቺው ናት?»

አዎ ብትል ከበሮው የእሷ ነው። ግን በልደታ ፊት ውሸት? እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቅርንጫፉን መዘዘችው፤ ሥር የለው፣ ምን የለው።

«ዋሽቼ ነው፣ የኔታ። ወይኔን እንደ እንሰት ሳዛውር ገደልኳት። ይህን ከእትዬ ሰፍያ ጓሮ ሰርቄ ነው።»

ልጆች፣ ጥፋትን በውሸት ከመሸፈን አምኖ ይቅርታ መጠየቅ ይሻላል።

የኔታ «እግዜር ይቅር ይበልሽ» ብለው ሳይጨርሱ፣ እትዬ ሰፍያ ባጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ወላሂ፣ እኔ ደግሞ ፍየል ነው ብዬ የሰፈሩን ፍየል ሁሉ ስረግም ከረምኩ! በይ አታልቅሺ። ያቺ የወረወርሻት እንጨት የእኔ ፍግ ላይ አርፋ፣ የሚነካት ስታጣ የዝሆን ጆሮ የሚያህል ቅጠል አውጥታለች። እንግዲህ የኔታ፣ ቀድሞ ያበቀለ ይመታል ብለዋል፤ የልደታን ከበሮ እኔ ልመታላችሁ ነዋ!»