ሠላሳ ሁለተኛዋ ሙከራ

«አሁንም ወደቀች!» ፈሪሃ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

የትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት መመዝገቢያ ፕሮግራም ፐርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ፣ ዕድሜው የገፋ ነው። በአዲሱ ኮምፒውተር እንዲሠራ መጀመሪያ አንድ አሮጌ ሞጁል፣ ማለትም አጋዥ የፕሮግራም ክፍል፣ ከፍላሽ ላይ ወስዶ መገንባት ያስፈልጋል። ሞጁሉ ደግሞ ሲገነባ ራሱን በሠላሳ ሁለት ሙከራዎች ይፈትሻል። ሠላሳ አንዱ ያልፋሉ፤ አንዷ ግን ድርቅ ብላለች።

በዚህችው ሙከራ ሰበብ ነው ቁልፍ ያዡ ሙሀሲን ረቡዕ ዕለት የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ የተነጠቀው። የኮምፒውተር ክበቡ ኃላፊ ቲቸር ደምመላሽ «ምን ነካክተህ ነው ያበላሸኸው?» ሲሉት «ወላሂ ቲቸር፣ ምንም አልነካሁም!» ብሎ ነበር። ማን ይመነው? ቁልፉ ለፈሪሃ ተሰጠ፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ክበቡ አካባቢ ዝር አላለም።

መስኮቱ ቢከፈትም የሸዋ ሮቢት ሙቀት ንቅንቅ አላለም። አጠገቧ የተቀመጠችው ናጅዋ በደብተሯ እያራገበች «አንቺ ደግሞ ስታካብጂ! ዝለያትና ጫኚው» አለቻት።

«ቆይ፣ ምን እንደሚል ላንብበው።»

ሙከራዋ አዲስ ፋይል ትፈጥርና ከሞጁሉ ጋር ከመጣው ፋይል ጋር ታስተያየዋለች። አዲሱ በኋላ የተፈጠረ መሆን አለበት። ኮምፒውተሩ ግን የሞጁሉን ፋይል 2020፣ አሁን የተፈጠረውን 2018 ይላል።

ፈሪሃ የስክሪኑን ጥግ አየች። 2018። ክው አለች።

ሰኞ ዕለት ኮምፒውተሩ 2026 ብሎ ስታየው «ይሄ ደግሞ ስምንት ዓመት ቀድሞን ሄዷል!» ብላ ስቃ፣ ዓመቱንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ያስተካከለችው ራሷ ናት። ክፍሉ ኢንተርኔት ስለሌለው መልሶ የሚያርመው አልነበረም።

ነገሩን ስትነግራት ናጅዋ ሳቀች። «ታዲያ ዓመቱን መልሺዋ! ሙከራዋም ታልፍልሻለች፤ ማን ያውቃል?»

እውነቷን ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሞጁሉ ይሠራል፣ ቁልፉም እሷው ጋ ይቀራል። ፈሪሃ ያንን ቁልፍ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስትመኘው ነው የኖረችው። እጇ ማውሱ ላይ ቆየ። አፈረች፤ ፈራችም። ከዚያ ሳትነካው ተነስታ ወጣች፤ መጀመሪያ ሄዳ ሙሀሲንን ጠራችው።

የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቲቸር ደምመላሽን አግኝታ ቁልፉን ከኪሷ አወጣች።

«ቲቸር፣ መጥተው ያዩልኛል? ሰዓቱን ሰኞ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እንዲያዩት እንዳለ ትቼዋለሁ። ሙሀሲንንም ጠርቼዋለሁ።»