ከግራሩ በላይ የተነሳችው ፎቶ

እኔ ጅንና ዛር ሲወራ «ደግሞ ጀመራችሁ» ብዬ ከመሃል የምነሳ ሴት ነኝ፣ ጠንቋይ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ ምሳዬን ብበላ ደንታ የለኝም፣ ዛሬም ቢሆን ስለ ሌላው አላምንም፣ ይቺን ግን በዓይኔ አይቻት ምን ላድርጋት፣ እናንተው ፍረዱ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፣ እኔ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ፊልም አጥብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ቼኮዝሎቫኪያ ተምሮ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ቴፕና የቆዳ ጃኬት ሲያመጣ፣ እሱ አንድ ሻንጣ ሙሉ የወረቀት ቱቦ ይዞ መጣ። የመጫወቻ ሮኬት ነው፣ እዚያ ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ወጥተው ያስወነጭፉታል አለን፣ እናታችን «ይሄን ነው የተማርከው?» አለችው። አፍንጫው ላይ ትንሽዬ ካሜራ አለችው፣ ላይ ደርሶ ቀስ አድርጎ የሚያወርደው ጃንጥላ ሲዘረጋ ቀጭ ብላ አንድ ፎቶ ታነሳለች፣ ሌላ እንድታነሳ ከተፈለገ ፊልሙን በእጅ ማጠንጠን ነው፣ ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በዚያ ዘመን ጭስ የሚተፋ ነገር ወደ ሰማይ መልቀቅ ቀልድ አይደለም፣ ቀበሌ የፈቀደልን አንድ አብዮት ጠባቂ አብሮን እንዲሄድ፣ ፎቶውም ታጥቦ የዛኑ ዕለት እንዲቀርብ ነው። የተላኩት ጓድ ዳንጊሶ የሚባሉ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጠመንጃቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ከታቦር ተራራ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ተከተሉን።

ሮኬቱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እግራችን ሥር ወረደ፣ ማርቆስ ፊልሙን አጠንጥኖ መልሶ ለቀቀው፣ በሁለተኛው ግን ነፋስ ወሰደውና አንድ ግራር ጫፍ ላይ ተሰቀለ። ጓድ ዳንጊሶ «እናንተ የከተማ ልጆች ናችሁ፣ እኔ ልውጣ» አሉና ጠመንጃቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ወጡ።

ይሄኔ ነው፣ ከላያችን፣ ከዛፉም በላይ፣ ቀጭ ያለው።

ቀና አልኩ፣ እመኑኝ፣ ደመና እንኳ የለም።

«ሰማህ?» አልኩት ማርቆስን።

«አባ ኮዳ ነው፣ መንቁሩን ሲያጋጭ።»

«የታለ አባ ኮዳው?»

እሱም ቀና ብሎ ሰማዩን ፈለገ። ጓድ ዳንጊሶም ቅርንጫፉ ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው ቆዩ፣ ከዚያ ሮኬቱን ፈተው ወረዱ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ቤት ገባን፣ እሳቸው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ እኛ በቀይ አምፖል ሥር ፊልሙን አጠብን፣ ሁለት ፎቶ ስንጠብቅ ሦስት ወጣ። አንደኛው ሜዳውና እንደ ጉንዳን ያነስነው ሦስታችን፣ ሁለተኛው ያዘነበለ ሐይቅ፣ ሦስተኛው ግን ግራሩ ራሱ ነው፣ ከላይ የታየ፣ የጓድ ዳንጊሶ የተዘረጋ እጅ፣ ግንዱ ላይ የተደገፈው ጠመንጃ፣ የማርቆስ አናት፣ ከጎኑ እኔ፣ ቅርንጫፉ ላይ ነጩ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ሥር የተንጠለጠለው ሮኬት ከነካሜራው። ካሜራዋ ፎቶው ውስጥ ካለች ፎቶውን ያነሳው ማን ነው? ፊልሙንስ ማን አጠነጠነው?

ማርቆስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ይሄ ቀበሌ ከገባ ከላይ ሆኖ ያነሳው አውሮፕላን የማን ነው ይሉናል፣ ምን ልንል ነው?»

ሳናስበው ጓድ ዳንጊሶ ከኋላችን ቆመዋል፣ ሰዓት እላፊ ደርሶባቸው ሊያጣድፉን ነው የገቡት። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጠመንጃዬን መሬት ትቼ ዛፍ ላይ ነኝ፣ ይሄ ለእኔም አይበጅ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ «ስንቴ ነው የለቀቃችሁት?»

«ሁለቴ ነው፣ እርስዎም አይተዋል» አልኳቸው።

«እንግዲያው የምወስደው ሁለት ነው።»

ፊልሙን ቆርጠን ሁለቱን ሰጠናቸው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ «እኔም ሰምቻለሁ፣ ልጄ» ብለው ወጡ።

ማርቆስ ሦስተኛዋን ሊያቃጥላት ነበር፣ እኔ ቆይ አልኩና በማጉያው አሳድጌ የራሴን ፊት አወጣሁት፣ ምነው ባልነካካሁት። ያኔ ቀና ስል ያየሁት ባዶ ሰማይ ነው፣ ደንግጬም ነበር፣ ፎቶው ላይ ያለችው እኔ ግን የምታውቀው ሰው እንደ ጠራት ፈገግ ብላ፣ እጇን ወደ ላይ አንስታለች።

«ማንን ነው ሰላም የምትይው?» አለኝ ማርቆስ።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል፣ እስከ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጠይቀኛል፣ «ማንንም አይደለም» እለዋለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ግን ሜዳ ላይ ስሆን ቀና ማለት ትቻለሁ።