የቬልማ ዳርሲ አፍ

ፈጠራ ነው የምትሉ ከአሁኑ ተዉት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ሆሊውድ፣ በፈረንጆቹ 1951፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የሙዚቃ ኮሜዲ እየቀረጽን ነው።

ያቺ ፎቶዋን ግድግዳችሁ ላይ የሰቀላችኋት ቬልማ ዳርሲ... መዝፈን አትችልም። ዘፈኑን ቀድማ ሸክላ ላይ የምትቀዳው እህቴ ኦፓል ናት። እኔ ሸክላውን አጫውታለሁ፣ ቬልማ ቀይ የተቀባ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጭብጨባው ለእሷ። የእኛ ስም የትም አይጻፍም። እኔንማ ስንት ዓመት ሙሉ "አንተ ሸክላ" እያለች ነው የጠራችኝ።

ኦፓል ግን በሚቀጥለው ሰኞ በራሷ ስም ሬዲዮ ላይ ልትዘፍን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ቬልማ ይህን የሰማች ቀን ነው።

"ከንፈሬ ከዘፈኑ እንዲገጥም አፏን እያየሁ ልለማመድ" ብላ እህቴን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት።

መጀመሪያ ከኦፓል ብርጭቆ ጠጣችባት።

ቀጥሎ ኦፓል የበላችበትን ማንኪያ አንስታ ላሰችው።

ከዚያ እጇን ዘርግታ በሹክሹክታ...

"ማስቲካሽን ስጪኝ፣ የኔ ማር።"

"የታኘከ ነው እኮ።"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

ኦፓል የኮከብ ቅብጠት መስሏት ሳቀችና ሰጠቻት። ቬልማ ዓይኗን ጨፍና አኘከችው... ለሃጯ በአገጯ እየወረደ።

በማግስቱ የኦፓል ድምፅ ሻከረ። ያም ሆኖ ለዚያ የአራት ሰዓት ቀረጻ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

ጨፋሪዎቹ ተሰለፉ። ሸክላውን አስጀመርኩ። መሐል ላይ ዳይሬክተሩ አቁም ብሎ እጁን አነሳ፤ አቆምኩ።

ዘፈኑ አልቆመም።

"አጥፋው እንጂ፣ ክላይድ።"

"አጥፍቼዋለሁ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

መርፌውን ከሸክላው ላይ አንስቼ አሳየሁት።

ድምፁ የእህቴ ነው... የሚወጣው ከቬልማ አፍ። ከሥሩ እርጥብ ነገር ይንቦጫረቃል፤ አንዳች ነገር እያላመጠች የምትዘፍን ይመስላል።

ዙሪያዋን የቆሙት አጎብዳጆች አጨበጨቡላት። በመጨረሻ ድምፅ አወጣች ተባለ። አንድም ሰው ዞሮ እህቴን አላያትም።

ኦፓል እጄን ጨበጠችኝ። ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር አለ፣ ግን ትንፍሽ የለም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

"ኦፓልዬ... እስቲ አፍሽን ክፈቺ።"

ከፈተች።

ምላስ የለም። ጥርስ የለም። ጉሮሮ የለም። ውስጡ እንደ ታጠበ ሳህን ነጭ፣ ለስላሳ...

ከወደ ውስጥ፣ ገና ያልደረቀ፣ ቀይ የከንፈር ቀለም አሻራ ታትሞበታል።